በታረሰ አገር ቢራቢሮን ስለ መፈለግ




በመምህራን ጉባኤ ፊት ስለ ቢራቢሮ መናገር ለብዙ ሰው ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። የመማሪያ መጽሐፍ በሚጎድልበት፣ አንዱ ክፍል ከአቅሙ በላይ ልጆች በሚይዝበት ጊዜ፣ ክንፏ በጣት ሲነካ ስለሚረግፍ ፍጥረት መወያየት ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ይህ ንግግር የተዘጋጀው የቢራቢሮን ውበት ለማወደስ አይደለም። የተዘጋጀው ሁለት ጥያቄ ለማቅረብ ነው፤ ይኸውም መሬቱ ከዳር እስከ ዳር በታረሰበት አገር ቢራቢሮ የት ይገኛል? ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነስ መጥፋቱን ማን ያውቃል? የሚሉት ናቸው።

ለጥያቄዎቹ መልስ ከሦስት ስፍራ ምሳሌ ይወሰዳል። አንደኛው እርሻ በግጦሽ መሬት ላይ እየገባ ካለበት፣ ከሞያሌው ኦዳ ነው። ሁለተኛው እርሻ ከጥንት ጀምሮ ከሰፈነበት ከጎጃምና ከደቡብ ጎንደር ነው። ሦስተኛው እርሻ በመኪናና በመድኃኒት ኃይል እስከ መጨረሻው ከተስፋፋበት ከአውሮፓ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጭ ልብ ይበል።

ከሁሉ አስቀድሞ የቢራቢሮን ኑሮ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቢራቢሮ በአበባ ትኖራለች የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ክንፍ አውጥታ በምትበርበት ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ውስጥ የአበባ ማር ትመጣለች፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ትል ሆና በኖረችበት ጊዜ ሁሉ ምግቧ ቅጠል ነው። ይህም ቅጠል የተገኘው ቅጠል ሁሉ አይደለም። እያንዳንዱ ዘር የራሱ ተክል አለው፤ እናቲቱም እንቁላሏን የምትጥለው ልጆቿ ሊበሉት በሚችሉት ተክል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አገር በአበባ የተሞላ ቢሆንም እንኳ የትሉ ተክል ከሌለበት ቢራቢሮው እንግዳ ሆኖ ያልፋል እንጂ አይወለድበትም። ቢራቢሮን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ተክል መፈለግ አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ኦዳ እንሂድ። ሞያሌ ሁለት መንግሥታት የሚካፈሏት ከተማ ናት፤ ኦዳ የሚገኘውም በኬንያ በኩል ባለው በሞያሌ ነው። ስሙ የዛፍ ስም ነው። ኦዳ በኦሮምኛ ሾላ ማለት ሲሆን፣ ሽማግሌዎች በጥላው ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበትና የሚፈርዱበት የተከበረ ዛፍ ነው። ቢራቢሮ በኦሮምኛ «ቢላቻ» ይባላል። ዛፉና ቢላቻው የቆየ ዝምድና አላቸው፤ ጅራት መሰል ክንፍ ያለው፣ ላዩ ሰማያዊ የሆነ አንድ ትንሽ ቢራቢሮ ትሉን የሚያሳድገው በሾላና በሾላ ዘመዶች ለጋ ቅጠል ላይ ነው። ቻራክሴስ የሚባሉት ትልልቅና ፈጣን ቢራቢሮዎች ደግሞ አበባን እምብዛም አይፈልጉም፤ ከዛፍ ላይ ወድቆ የበሰበሰ ፍሬን ጭማቂ መጠጣት ይወዳሉ። እንግዲህ አንድ ሾላ ሲቆረጥ የሽማግሌዎች ጥላ ብቻ አይደለም የሚቀረው።

የዚያ አካባቢ ሕዝብ ኑሮ ከጥንት ጀምሮ በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ የተመሠረተ ነው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዋነኛውን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን፣ ቦረናዎች «ገና» ይሉታል፤ ስሙ ከልደት በዓል ጋር አይገናኝም። ሁለተኛውን፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣውን፣ «ሀገያ» ይሉታል። ዝናብ የሰጠ እንደ ሆነ ቁጥቋጦው ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ነጭ ቢራቢሮዎች እንደ ተበተነ ወረቀት ሜዳውን ይሞሉታል። ከእነዚህ አንዱ ቤሌኖይስ አውሮታ የሚባለው ነው፤ ነጭ ክንፉ በቡናማ ሥሮች የተሰመረ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪቃ እልፍ አእላፍ ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ በመጓዝ የታወቀ ነው። ትሉ የሚበላው የጉመሮንና የጉመሮ ዘመዶች የሆኑትን የቆላ ቁጥቋጦዎች ቅጠል ነው። ለእርሻ የሚመነጥር ሰው እነዚህን ቁጥቋጦዎች በመጀመሪያ ይቆርጣቸዋል፤ እሾሃም ናቸውና፣ እህልም አይሆኑምና።

ምንጣሮውን ለማውገዝ ግን መቸኮል አይገባም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው በቦረናም ሆነ በኬንያው ማርሳቢት ከብቱ በብዛት አልቋል። መንጋው ያለቀበት ሰው ልጆቹን ለመመገብ ጥቂት በቆሎና ቦሎቄ መዝራትን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ መምህሩ ለልጁ የሚያስተምረው «አትረሱ» የሚል ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። የሚሻለው ትምህርት «ስታርሱ ምን እንደምታስቀሩ እወቁ» የሚለው ነው። ቦረናዎች ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ሣር የሚጠብቁበት «ካሎ» የሚባል የታጠረ ግጦሽ አላቸው። በዚያ ሣሩ ስለሚያድግና የሜዳ አበባው ሳይበላ ስለሚቆይ ቢራቢሮን ለሚፈልግ ተማሪ መልካም ስፍራ ነው። እንዲሁም በከብት ማጠጫ ዳር ያለውን ጭቃ ማየት ይገባል፤ ወንዶቹ ቢራቢሮዎች በአበባ ማር ውስጥ የማያገኙትን ጨው ከእርጥብ አፈር ለመምጠጥ በዚያ ይሰበሰባሉ።

ወደ ደጋው ስንወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በጎጃምና በጎንደር ማረሻ ያልነካው ሜዳ ጥቂት ነው። በመስከረም ወር ከአደይ አበባ ጋር የሚታዩት ቢራቢሮዎች የሚኖሩት በጤፉና በስንዴው መካከል ሳይሆን በዳሩ ነው። ዳር የተባለውም የማሳው ወሰን፣ የእርከኑ ጫፍ፣ የቦዩ ዳርቻ፣ የመንገዱ ግራና ቀኝ፣ የጓሮው አጥር፣ ጾም ያደረው መሬትና የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። በነዚህ ስፍራዎች አንድ አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ ቢወጣ ምን ሊያሳያቸው እንደሚችል በተራ መጥቀስ ይጠቅማል።

ጾም ባደረና በረጠበ መሬት ላይ ማገጥ ይበቅላል። በማገጥ ላይ ኮልያስ ኤሌክቶ የተባለው፣ ክንፉ እንደ ብርቱካን የቀላ፣ ጠርዙ ጥቁር የሆነው ቢራቢሮ ትሉን ያሳድጋል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘው ወገኑ በ1940 በአንድ አጥኚ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ተሰይሟል። ከቤት ጓሮ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሳማ አለ፤ የሐበሻን ስም የያዘው ቫኔሳ አቢሲኒካ ትሎቹን የሚያሳድገው በሳማ ዘመዶች ላይ ነው። በደጅ የሚበቅለው ልት ደግሞ ቫኔሳ ካርዱይ የተባለውን መንገደኛ ቢራቢሮ ይመግባል። ይህ ቢራቢሮ በክረምት መግቢያ ከአውሮፓ ወዴት እንደሚሄድ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ከቆየ በኋላ፣ በ2016 የወጣ ጥናት ሰሐራን ተሻግሮ በብዛት እንደሚመጣና በዚህም ወገን እንደሚራባ አሳይቷል፤ ከተመረመሩትም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እንግዲህ በአንድ የገጠር ቤት ጓሮ ያለ የልት ቅጠል ከባሕር ማዶ ካለ ሜዳ ጋር የተያያዘ ነው ቢባል ተረት አይደለም።

ለትምህርት ቤት ከሁሉ የሚመቸው ግን የሎሚ ዛፍ ነው። ፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ የሚባለው ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ በዱር ትሉን የሚያሳድገው በልምጭና በመሰሎቹ ላይ ሲሆን፣ ሎሚና ብርቱካን በተተከሉበት ሁሉ ወደ እነርሱ ተሻግሯል። ትሉ በሕፃንነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ስለዚህ ወፍ ንቆት ያልፋል። ካደገ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ቅጠል ይመስላል። ሲነኩት ከአንገቱ ላይ መንታ የሆነ ቀይ ቀንድ አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይረጫል። አንድ ሎሚ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለ አስተማሪው ስለ እንቁላል፣ ስለ ትል፣ በሽፋን ተጠቅልሎ ስለ መተኛትና ክንፍ አውጥቶ ስለ መብረር የሚያስተምረውን ሁሉ ልጆቹ በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለ ቢራቢሮ ይህን ሁሉ ሊያስተምር አይችልም።

ከነዚህ ዳርቻዎች ሁሉ ሰፊው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች በእርሻ ባሕር ውስጥ እንደ ደሴት ተቀምጠው ይታያሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በኋላም ከአሜሪካዊቷ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በሠሩት ሥራ፣ ከብት ችግኙን እንዳይበላ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተስማምተዋል። ድንጋዩም የተገኘው ከማሳው ላይ ነው፤ ገበሬው ማሳው ሲጸዳለት፣ ደኑም አጥር አገኘ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሥራ የተጠቀሙበት በመሆኑ ለመምህራን መልካም ምሳሌ ነው።

እነዚህ ዳርቻዎች ግን በዘመናችን እየጠበቡ ሄደዋል። የሕዝቡ ቁጥር ስለ ጨመረ መሬት ጾም ማደሩ ቀርቷል። ወሰኑ በየዓመቱ በአንድ ትልም እየተገፋ ቀጥኗል። በሜራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ መስኖ በደረሰበት ሁሉ መሬቱ በበጋም አያርፍም። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለው ፀረ አረም በሰፊው ይረጫል፤ ይህ መድኃኒት ሣር መሰል ያልሆነውን ቅጠለ ሰፊ ተክል ሁሉ ስለሚገድል፣ ነፋስ ወደ ወሰኑ በወሰደው ጊዜ የአበባውንም የትሉንም ተክል ያደርቃል። የቀረውንም ባዶ ስፍራ በምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ይይዘዋል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ቤት መሥሪያ፣ ማገዶና የችግር ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ለአብዛኞቹ የአገሩ ቢራቢሮዎች ትሎች ግን ምግብ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ቢራቢሮ ቢጠፋ እህሉ ይቀንሳልን?» ብሎ ቢጠይቅ በሐቅ መመለስ ይገባል። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ፍሬ ለመስጠት ነፍሳት አያስፈልጓቸውም። ከነፍሳት መካከልም ዋነኛዋ አዳቃይ ንብ ናት እንጂ ቢራቢሮ አይደለችም። ነገር ግን ኑግ የራሱን ዱቄት ተቀብሎ አያፈራም፤ ከአበባ ወደ አበባ የሚመላለስ ነፍሳት ያስፈልገዋል። ንብንና ኑግን የሚጎዳው ነገር ቢራቢሮንም ይጎዳል፤ ልዩነቱ ቢራቢሮ በቀን የምትበር፣ በቀለሟ የምትለይ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ሊቆጥራት የሚችል መሆኗ ነው። ስለዚህ ጥቅሟ ምስክርነቷ ነው። በመሬቱ ላይ የሆነውን ነገር ከሌሎቹ አስቀድማ ታሳያለች፤ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በአውሮፓ ይህን ምስክርነት የሚሰማ ጆሮ ስለ ነበረ ጥፋቱ በቁጥር ሊታወቅ ችሏል። በእንግሊዝ አገር በ1976 የተጀመረው የቢራቢሮ ቆጠራ ዛሬም ይካሄዳል። ከብዙ አገሮች የተሰበሰበው ቁጥር በአውሮፓ ሣር ሜዳ የሚኖሩት ቢራቢሮዎች ከ1990 እስከ 2011 ባለው ጊዜ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሱ አመልክቷል። በጀርመን አገር በ63 የተጠበቁ ስፍራዎች የተደረገውና በ2017 የወጣው ጥናት ደግሞ የሚበርሩ ነፍሳት ጠቅላላ ክብደት በ27 ዓመት ውስጥ ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱን ገለጠ። በአሜሪካም በ2025 የወጣ ጥናት ከ2000 እስከ 2020 ድረስ የቢራቢሮዎች ቁጥር በ22 በመቶ እንደ ወረደ አስታውቋል። ለዚህ ሁሉ ምክንያት ተደርገው ከሚጠቀሱት መካከል የእርሻ መስፋፋትና የመድኃኒት ብዛት ይገኙበታል።

ከእንግሊዝ ታሪክ ግን ከቁጥር የበለጠ ትምህርት አለ። ታላቁ ሰማያዊ የሚባለው ቢራቢሮ ትሉ በመጀመሪያ ጦስኝ መሰል ተክል ይበላል፤ ከዚያም አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን የራሷ ልጅ መስሏት ወደ ጎሬዋ ትወስደዋለች። በዚያም የጉንዳኗን ልጆች እየበላ ያድጋል። ሰዎች ይህ ቢራቢሮ እየጠፋ መሄዱን ባዩ ጊዜ ጥፋቱን በሰብሳቢዎች ላይ አሳበቡ፤ ሰብሳቢ እንዳይገባም አጥር ያጠሩ ነበሩ። አጥሩ ሰብሳቢውን ከልክሎ ከብቱንም ከለከለ። ከ1953 በኋላም በሽታ ገብቶ ሣር የምታሳጥረው ጥንቸል አለቀች። ሣሩ አደገ፤ አፈሩ ጥላ ሆኖ ቀዘቀዘ፤ ሙቀት የምትወደው ጉንዳን ጠፋች፤ ቢራቢሮውም በ1979 ከእንግሊዝ አገር ጨርሶ ጠፋ። ጄረሚ ቶማስ የተባሉ ሊቅ ለብዙ ዓመት በሜዳ ተቀምጠው ምስጢሩን የደረሱበት ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከስዊድን አምጥተው፣ ግጦሹንም መልሰው፣ እንደ ገና አራቡት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በደቡብ ጎንደር ደኑን ያዳነው አጥር ነው፤ በእንግሊዝ ቢራቢሮውን ያጠፋው አጥር ነው። በቦረናም በ1970ዎቹ ሣር ማቃጠል በተከለከለ ጊዜ አሳቡ መልካም ነበር፤ ውጤቱ ግን ቁጥቋጦ ሜዳውን እንዲወርር መርዳት ሆነ። ጥበቃ በመልካም ፈቃድ ብቻ አይሳካም። በዚህ ስፍራ፣ ለዚህ ፍጥረት፣ በዚህ ወር ምን እንደሚያስፈልግ አይቶና ጽፎ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

በእኛ ወገን የጎደለው ይህ ጽሑፍ ነው። አንዳንድ የተመሰገኑ ሥራዎች እንዳሉ መካድ አይገባም። ፈረንሳዊው ሩዦ በ1973 እና በ1975 መካከል በኢትዮጵያ ተዘዋውረው ነፍሳትን አጥንተዋል፤ እርሳቸውና ባልደረባቸው በ1979 አንዱን የኢትዮጵያ ቻራክሴስ በዐፄ ገላውዴዎስ ስም ሰይመውታል። ቶርበን ላርሰንም በ1991 ስለ ኬንያ ቢራቢሮዎች ታላቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ነገር ግን እነዚህ መጻሕፍት የትኛው ዘር የት እንደ ተገኘ ይነግራሉ እንጂ በአንድ ቀበሌ ባለ አንድ ወሰን ላይ ዘንድሮ ከአምና ስንት እንደ ቀነሰ አይነግሩም። ያንን ሊያውቅ የሚችለው በዚያው ቀበሌ የሚኖር ሰው ነው። በየቀበሌውም ከሚኖሩት ሰዎች መካከል መጻፍን ሥራው ያደረገ፣ ልጆችንም በዙሪያው የሰበሰበ፣ አስተማሪው ነው።

የመጻፍ አስፈላጊነት በቅርቡ ሁለት ጊዜ ታይቷል። አንደኛው በ2017 የአሜሪካ ተምች በኢትዮጵያና በኬንያ የበቆሎ ማሳ ላይ በታየ ጊዜ ነው። ሁለተኛው በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ በመጣ ጊዜ ነው፤ በኢትዮጵያ በ25 ዓመት፣ በኬንያም በ70 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ተብሏል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ስለሚበላ፣ መድኃኒት ከአየርና ከምድር መረጨቱ አስገዳጅ ነበር። ይሁን እንጂ በብዛት የተረጨው መድኃኒት አንበጣን ከንብና ከቢራቢሮ አይለይም። በሶማሊያ አንበጣን ብቻ የሚያጠቃ የሻጋታ መድኃኒት በሰፊው ተሠርቶበታል። ከርጭቱ በፊትና በኋላ በየትምህርት ቤቱ የተጻፈ ቆጠራ ቢኖር ኖሮ የቱ መድኃኒት ምን ያህል እንደ ጎዳ በማስረጃ መናገር በተቻለ ነበር።

ስለ ተምቹም ትምህርት ቤት ሊረዳ የሚችልበት መንገድ አለ። ገበሬው ትል ባየ ቁጥር ሁሉንም ጠላት አድርጎ መድኃኒት ቢረጭ ገንዘቡም ጤናውም ይጎዳል። የአሜሪካ ተምች ግን ምልክት አለው፤ በግንባሩ ላይ የላቲኑ ዋይ ፊደል ተገልብጦ እንደ ተጻፈ ያለ መስመር፣ በጅራቱም አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ለአባቱ የሚያገለግል እውቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አባቱም በማሳው ያለውን ይለቅማል፤ በወሰኑ ያለውን አባ ጨጓሬ ይተዋል።

እንግዲህ ለመምህራን የሚቀርበው አሳብ ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር ኧርኒ ፖላርድ ባወጡት ሥርዓት መሠረት ቆጣሪው አንድ የተወሰነ መንገድ ይመርጣል፤ በየሳምንቱም በዚያው መንገድ በዝግታ ይሄዳል። በግራና በቀኝ ሁለት ሜትር ተኩል፣ በፊቱም አምስት ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ያያቸውን ቢራቢሮዎች ብቻ ይቆጥራል። የሚሄደውም ፀሐይ በሞቀችበት፣ ነፋስ ባልበረታበት ሰዓት ነው። ለዚህ መረብ አያስፈልግም፤ መግደልም አያስፈልግም። ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ልጆቹ የዘሩን ስም ባያውቁም «ነጭ፣ ቢጫ፣ ትንሽ ሰማያዊ፣ ትልቅ ጥቁር» እያሉ መመደብ ይችላሉ፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ሥርዓት መቆጠሩ ነው።

መንገዱም ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ በማሳ ወሰን አልፎ፣ በታረሰው መሬት አጠገብ ተጉዞ፣ በደን ወይም በወንዝ ዳር ቢያልቅ፣ ልጆቹ በራሳቸው ቁጥር ወሰን ያለው ማሳና ወሰን የሌለው ማሳ እንዴት እንደሚለያዩ ያገኙታል። በኦዳ ያለ ትምህርት ቤት ከሾላው ሥር ጀምሮ እስከ በቆሎው ማሳ ሊሄድ ይችላል፤ በሜራዊ ያለው ከቦዩ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ቆጠራ ውስጥ ሒሳብ አለ፤ ጂኦግራፊ አለ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ አለ፤ የጽሕፈት ትምህርትም አለ። ከሁሉ በላይ ያላዩትን አየን፣ ያልቆጠሩትን ቆጠርን አለማለትን ይማሩበታል። ባዶ ሳምንትም ዜሮ ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ዜሮ መልስ ነውና።

ትምህርቱ ከጥቅም የራቀ እንዳይመስል አንድ ነገር መጨመር ይቻላል። በኬንያ ጠረፍ፣ በአራቡኮ ሶኮኬ ደን ዙሪያ፣ በ1993 «ኪፔፔዎ» የተባለ ሥራ ተቋቁሟል፤ ስሙም በስዋሕሊ ቢራቢሮ ማለት ነው። በደኑ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ቢራቢሮን ከእንቁላል ጀምሮ አሳድገው፣ በሽፋኑ ውስጥ ሳለ ለውጭ አገር የቢራቢሮ ማሳያ ቤቶች ይሸጡታል። ደኑ ከተቆረጠ ቢራቢሮው ስለማይኖር፣ ደኑን ይቆርጡ የነበሩት ሰዎች ለመጠበቁ ምክንያት አገኙ። ይህ በየስፍራው ሊደገም የሚችል ንግድ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ገበሬና ቢራቢሮ የግድ ጠላቶች አለመሆናቸውን ያስረዳል።

የትምህርት ባለሥልጣኖችም ድርሻ አላቸው። አስተማሪው በሳምንት አንድ ሰዓት ተማሪዎቹን ከክፍል ውጭ ይዞ ሲወጣ ሥራ እንደ ፈታ እንዳይቆጠርበት ፈቃዳቸውን በግልጥ ይስጡት። የቆጠራው ደብተር አስተማሪው ሲዛወር አብሮት እንዳይሄድ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይቀመጥ። በመምህራን ማሠልጠኛም ዕጩው አስተማሪ ቢያንስ የአካባቢውን አሥር ቢራቢሮዎችና ትሎቻቸው የሚበሉትን አሥር ተክሎች ሳያውቅ ወደ ገጠር አይላክ። የትምህርት ቤቱም አጥር ግቢ ከዳር እስከ ዳር ተጠርጎና ተመንጥሮ ለንጽሕና ብቻ እንዳይታይ፣ አንድ ማዕዘኑ ለሳማው፣ ለልቱና ለሎሚው ይተውለት።

ክቡራንና ክቡራት፤ በደጋው ገበሬ ልጅም ሆነ በሞያሌው እረኛ ልጅ ፊት ያለው ዕዳ አንድ ነው። እህል የሚያስፈልገው ሕዝብ ማረሱን አይተውም፤ መተውም የለበትም። ከሁለቱ ማሳዎች መካከል አንድ ክንድ ወሰን መተው አለመተው ግን በየዓመቱ በሰው ፈቃድ የሚቆረጥ ነገር ነው። በዚያ አንድ ክንድ ላይ የሚኖረውን አይቶ የሚያውቅ ልጅ ነገ ሞፈር በጨበጠ ጊዜ በሬውን የሚያዞርበትን ስፍራ ያስባል። ያላየው ልጅ ግን ምን እንዳረሰ ሳያውቅ ያርሰዋል። ይህን ልዩነት ለማምጣት የሚችለው መምህሩ ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና በሳምንት አንድ ሰዓት ነው።